ለመንገድ የሚጋገር

ስለ አዲስ አበባ ዳቦ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከፒያሳ ይነሳል። ግሪኩና አርመኑ፣ ከዚያም ጣሊያኑ፣ ፉርኖ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱ፣ ቶርታው። የሱቅ ዳቦ ታሪክ ይኸው ነው፤ ክርክር የለኝም። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ጀርባ ነው። በእኛ ሰፈር የቤት ዳቦን ታሪክ ልጻፍ ያለ ሰው ከስንቅ መነሳት አለበት።

እናቶቻችን ምጣድ የሚጥዱት በብዛት ከቤት ለወጣ፣ ወይም ሊወጣ ለተነሳ ሰው ነበር። ለዘማች፣ ለታማሚ፣ ለእስረኛ፣ ጸበል ለገባ፣ ትምህርት ቤት ርቆ ለሚሄድ ልጅ። ፋሲካና ገና ሲደርስማ ድፎው ለቤተሰቡ ይደፋል። ነገር ግን በዓል በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ሰው ከቤት የሚወጣው ዓመቱን ሙሉ ነው። ሰፈሩም የመውጫ ሰፈር ነው። ጦር ኃይሎች የሚለውን ስሙን ያገኘው ከሠራዊቱ ነው። ወደ ዓየር ጤና፣ ከዚያም ወደ ሰበታና ወደ ጅማ የሚወጣ ብዙ መንገደኛ በዚህ ያልፋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ከአያት ተነስቶ የሚቆመው እዚሁ ነው።

የስንቁ ልማድ ከሰፈሩ በጣም ይቀድማል። ድሮ ዘማች ስንቁን በአብዛኛው ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። አጼ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መስከረም የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ፣ ጠመንጃው ከመወልወሉ በፊት በየቤቱ የተሰማው የወፍጮ ድምፅ ይመስለኛል። በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ በስልቻና በአቁማዳ ታጭቆ በአህያና በበቅሎ ተጫነ። ሴቶቹ አብረው ዘመቱ፤ በየሰፈሩበት ፈጩ፣ ጋገሩ። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ጦሩ ሲገጥም የሠራዊቱ ስንቅ ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር። ውጊያው ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ በረሃብ ይበተን ነበር የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ስለ መድፎቹ ከሚወራው ይልቅ ስለነዚያ ስልቻዎች ማወቅ እመኛለሁ። ማን ሞላቸው? ስንት ሌሊት ሳይተኛ?

በኋላ ዘመናዊ ጦር መጣ። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት በ1927 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም ሠራዊቱ በደመወዝና በቀለብ ተደራጀ። ወታደሩ ከመንግሥት ወጥ ቤት የሚበላ ከሆነ የቤት ስንቅ መቅረት ነበረበት። አልቀረም። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባና የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ለገባው ሚሊሺያ ደረቅ ስንቅ ያዘጋጁት የቀበሌ እናቶች ናቸው። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው መፈክር ግድግዳ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ጓዳ ውስጥ ትርጉሙ ዱቄት፣ ምጣድና ማገዶ ነው። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር (አኢሴማ) በ1972 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ለሰሜኑ ጦርነት ሴቶቹ እየተጠሩ ያንኑ ሠሩ። በ1990 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት ሲነሳ ደገሙት፤ በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ሌላ ጦርነት ሲሆን ደግሞ በደርግ ጊዜ ልጅ የነበርነው እኛ ተረክበን አመስን። መንግሥት ሲለዋወጥ አሠራሩ አልተለወጠም።

እናቴ በ1969 አዲስ ሙሽራ ነበረች። አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ወደ ሐረር ተላከ። ዳቦ ቆሎ አሠራሯን ከእሷ ስለተማርኩ ሳላዛባ ልጻፈው።

የስንዴ ዱቄቱ ሁለት ጊዜ ይነፋል። ጨው፣ በማንኪያ ጫፍ ድቁስ፣ የተነጠረ ቅቤ ካለም ጥቂት ይገባበታል፤ በጾም ዘይት ነው። ውሃው ጠብ ጠብ እየተደረገ ይታሻል። እርሾ የለውም። ሊጡ እጅ ላይ መያዝ የለበትም፤ ከያዘ ውሃ በዝቷል፣ ውሃ የበዛበት ደግሞ ውስጡ አይደርቅም። ከዚያ በመዳፍ እየተንከባለለ እንደ እርሳስ እስኪቀጥን ይወጣል። ሦስት አራት ዘንግ ጎን ለጎን ተደርድሮ በቢላዋ በሽንብራ ልክ ይከተፋል፤ እንዳይጣበቅ ዱቄት ይነሰነስበታል። ይኼ የልጆች ሥራ ነበር፤ እኔና እህቶቼ ሰፌድ ከበን ስንከትፍ ትልቅ የቆረጠች ትመለሳለች፤ ትልቁ ሳይበስል ትንሹ ያርራልና። ምጣዱ በመካከለኛ እሳት ይግላል። እፍኝ እፍኝ እየተደረገ፣ እጅ ሳያርፍ በእንጨት እየተገላበጠ ይታመሳል። መጀመሪያ ድምፅ የለውም። እየደረቀ ሲሄድ ምጣዱ ላይ መንኳኳት ይጀምራል። ያን ጊዜ እናቴ አንዱን አንስታ በጥርሷ ትሰብረውና መሐሉን ታያለች። ነጭ ሊጥ ከቀረበት ይመለሳል።

ትልቁ ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ሳይበርድ አይቋጠርም። ትኩሱን የቋጠረች ሴት በላበቱ ታሻግተዋለች፤ ልጁ ሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ሲፈታው የሚያገኘው ሻጋታ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ያድራል፤ ጠዋት ንጹሕ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ይገባል። እንዲህ የተሠራ ዳቦ ቆሎ ሳምንታት ይቀመጣል። ድፎ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው። የስንቅ ጥበብ በሙሉ ውሃን ማስወጣት ነው፤ ድርቆሹም በሶውም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

አባቴ ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወራም ነበር። ስለ ዳቦ ቆሎው ግን ያወራ ነበር። እሳት ማንደድ በተከለከለበት ሌሊት ኪሱ ውስጥ ካለው እየዘገነ፣ ድምፅ እንዳይሰማ አፉ ውስጥ አርሶ እንደሚበላው ነግሮናል። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ድል ሲሆን በሕይወት ነበር። ቤት ሲመለስ ከረጢቱን ይዞ ነው የመጣው፤ እናቴ አጥባ ለሚቀጥለው አስቀመጠችው።

ወደ ሆስፒታሉ ስንመጣ ነገሩ ወደ ድፎ ይዞራል። በደርግ ዘመን የሰሜን ጦርነት ዓመታት ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ቁስለኛ ተኝቶ ይታከም ነበር፤ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዘመድ የላቸውም። የሰፈራችን ሴቶች እሑድ እሑድ ተራ ገብተው ይጠይቋቸው ጀመር። ለታመመ ሰው ደረቅ ነገር አይወሰድም፤ ትኩስና ለስላሳ መሆን አለበት። ሊጡ ቅዳሜ ማታ በቀደመው እርሾ ይቦካል፤ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ይገባበታል። ኩፍ ሲል የብረት ምጣዱ ላይ የኮባ ቅጠል ይነጠፋል፤ ሊጡ ይደፋና በኮባ ይሸፈናል፤ ከላይም ከታችም እሳት ይደረግለታል። ኮባው ከጉራጌ አገር የሚመጣ ነው፤ ስንዴው የደጋ፣ ቅጠሉ የእንሰት አገር። ድፎን የከተማ ዳቦ ያደረገው ይኼ መገናኘት ይመስለኛል።

አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ጠና ያሉ አሥር አለቃ ነበሩ፤ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። እናቴ ድፎውን አቀረበችና «ጋሼ፣ ይባርኩልን» አለቻቸው። «እኔ ቢላዋ አልይዝም፣ ልጄ» አሉ። «ቢላዋውን እኔ እይዛለሁ፤ እርስዎ ይባርኩ።» ባረኩ፤ እሷ ቆረሰች። ከዎላይታ የመጣውም፣ ከጎጃም የመጣውም፣ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውም ደረሰው።

በዚያው ዘመን ሌላም ስንቅ ነበር። ከልደታ ብዙ ሳይርቅ፣ ሰው ዓለም በቃኝ ወይም ከርቸሌ ወደሚለው ወህኒ ቤት እናቶች በየቀኑ ምግብ ያመላልሱ ነበር። ዳቦው በር ላይ ተቆርሶ ይታያል፤ ወረቀት እንዳይደበቅበት። ስለዚህ ብዙዎች ድፎ መውሰድ ትተው ስስ ቂጣ ይዘው ይሄዱ ጀመር፤ ቂጣ የሚደብቀው ስለሌለ ሳይበጣጠስ ይገባል። በቀይ ሽብር ጊዜ «ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ» የተባለች እናት ሌላ መርዶ አያስፈልጋትም ነበር። ቦታው ፈርሶ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሞበታል፤ ጥር 2004 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ተመልሶ የመጣን ዳቦ ማን ይበላው እንደነበር አስባለሁ። እናቴ እንዲህ ያለውን ዳቦ ለለማኝ ይሰጣሉ እንጂ ቤት አያስገቡም ትላለች።

ቡሄም ከስንቅ ጋር ይገናኛል። ነሐሴ 13 ልጆች ጅራፍ እያጮሁ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየበሩ ሲመጡ ሙልሙል ይሰጣቸዋል፤ ለክርስትና ልጅም ይላካል። አባቶች የሚነግሩን ምክንያት ግልጽ ነው። በደብረ ታቦር ብርሃን ሲገለጥ እረኞቹ ገና ያልመሸ መስሏቸው ሜዳ ላይ ቆዩ፤ ቤተሰቦቻቸው ልጆቹ ቢዘገዩባቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። በዓሉ ከሚያስታውሳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ፍለጋ ነው። ልጅ ሆኜ ሙልሙሉን እንደ ስጦታ ነበር የማየው። አሁን የራሴን ልጆች ደጅ ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ዳቦ ይዞ ወደ ሜዳ የወጣው ወላጅ ይበልጥ ይታየኛል።

የዛሬው ጦር ኃይሎች የዳቦ እጥረት ያለበት አይመስልም። በየማዞሪያው ዳቦ ቤት አለ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመረቀው የሸገር ዳቦም በየሰፈሩ መሸጥ ጀመረ፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነበር። ልደት ሲሆን ቶርታ ይታዘዛል፤ አንዳንድ ቤት ኦቨን ገብቶ ኬኩ እቤት ይጋገራል፤ ልጆቼም ይወዱታል፣ እኔም እጋግርላቸዋለሁ። ስንቁ ግን አልተተወም። መንገደኛው ነው የተለወጠው። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ሰፈሩ በሙሉ ዳቦ ቆሎ ዳቦ ቆሎ ይሸታል፤ መቐለ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ወላይታ ሶዶ የደረሰው ልጅ ሻንጣ ውስጥ በሶና ዳቦ ቆሎ ሳይገባ አይዘጋም። ወደ ውጭ የሚሄደውም እንደዚያው ነው። ሃያ ሦስት ኪሎ የሚፈቀድላት ሻንጣ ቤት ውስጥ ተመዝና፣ ጫማው ወጥቶ ድርቆሹ ሲገባ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። አሁን በየሚኒማርኬቱ በፕላስቲክ የሚሸጠው፣ ብዙ ቤትም የሚሠራው ዳቦ ቆሎ በዘይት የተጠበሰ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ለቡና ቁርስ ይጣፍጣል። ለመንገድ ግን አይሆንም፤ ከሰነበተ ዘይቱ ይሸታል፣ ይመራል። የሚታመሰው ጊዜ ይፈጃል፤ ክንድ ያደክማል። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ጎንደር ደርሷታል። እናቷ ጠብሳ ልትልክላት ነበር፤ እኔ ዱቄቱን ተቀብዬ ምጣድ ጣድኩ። እናቴ ክንዷ ስለደከመ አታምስም። አጠገቤ ተቀምጣ ድምፁን ትሰማለች፤ አንዱን አንስቼ ሰጠኋት፣ በጥርሷ ሰበረችውና መሐሉን አየች። «መልሺው» አለችኝ። መለስኩት።