ከበረሃ እስከ መስኮት ዳር

እንደ እሬትና ቁልቋል ያሉ፣ በወፍራም ቅጠላቸው ወይም ግንዳቸው ውኃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች «እንክብካቤ አይፈልጉም» ይባላል። ቤት ውስጥ ግን ብዙዎቹ የሚሞቱት ውኃ በዝቶባቸው ነው። የሚጎድለን የተክሉን የትውልድ ቦታ ማወቅ ነው፤ ተክሎች ወደ ቤት የገቡበት ረጅም ታሪክም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ተክልን ከነሥሩ ከአገር አገር ማጓጓዝ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ንግሥት ሀትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከቻቸው ሰዎች የዕጣን ዛፎችን በቅርጫት ተክለው ሲሸከሙ በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጸው ይታያሉ። ብዙ ተመራማሪዎች ፑንትን የሚፈልጉት እዚሁ በእኛ አካባቢ፣ በደቡባዊ ቀይ ባሕርና በአፍሪካ ቀንድ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለንደን በከሰል ጭስ ታፍና ነበር። ሐኪሙ ናትናኤል ዋርድ ጓሮው የተከላቸው ፈርኖች ጠወለጉበት። እ.ኤ.አ. በ1829 የእሳት ራት ስትፈለፈል ለማየት ብሎ እርጥብ አፈር ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ከደነ። ቀን የተነነው እርጥበት መስተዋቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ አፈሩ ይመለስ ነበርና፣ ሳያስበው ፈርንና ሣር በቀሉለት። በ1833 በዚሁ ዘዴ የተሠሩ የመስተዋት ሣጥኖች ተክል ይዘው ከለንደን ሲድኒ ድረስ ወራት ተጓዙ፤ ተክሎቹም በሕይወት ደረሱ። ሣጥን ሳያስፈልገው የሳሎኑን ጭስና የጋዝ መብራት የቻለው ደግሞ አስፒዲስትራ ነው። በጃፓን ደሴቶች ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል በመሆኑ የብርሃን ማነስ አልከበደውም።

የድርቅ ወዳጆቹን ምስጢር ለመፍታት የረዳው የአንድ ሰው ምላስ ነው። ሕንድ ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ቤንጃሚን ሄይን በ1813 በጻፈው ደብዳቤ፣ የእንዳሁላ ዘመድ የሆነ አንድ ተክል ቅጠል ጠዋት እንደሚኮመጥጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ጣዕም እንደሚያጣ፣ ወደ ማታ መረር እንደሚል ገለጸ። ምክንያቱ ኋላ ተገኘ። ተክሉ የቅጠሉን ቀዳዳዎች የሚከፍተው ሌሊት ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስገብቶ በአሲድ መልክ ያስቀምጣል። ቀን ቀዳዳዎቹን ዘግቶ አሲዱን በፀሐይ ብርሃን ይጠቀምበታል፤ ውኃውም በሐሩር አይባክንም። እሬትና ቁልቋልም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ከኬንያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚበቅለው ዛሚዮኩልካስም ከአፈር በታች እንደ ድንች ያበጠ ግንዱ ውስጥ ውኃ ያጠራቅማል። ለሳይንስ የተዋወቀው በ1829 ቢሆንም፣ የሆላንድ አምራቾች በብዛት አባዝተው ለገበያ ማቅረብ የጀመሩት በ1996 ገደማ ነው። ዛሬ በየቢሮው ይታያል።

እንክብካቤው ከዚህ ይመነጫል። ጥቁር መረሬ አፈር ውኃ ይዞ ሥር ያበሰብሳልና አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ይቀላቀልበት። የቀለም ቆርቆሮም ሆነ የሸክላ ማሰሮ ሥሩ ይበሳ። ጣት ወደ አፈሩ ገብቶ እርጥበት ካገኘ ውኃ አያስፈልግም፤ ሲደርቅ ግን በደንብ ይጠጣና ትርፉ ይፍሰስ። በክረምት፣ ደመናው ሲከብድ፣ ውኃው ይቀነስ። እሬት መስኮት ዳር ይቀመጥ፤ ዛሚዮኩልካስ ግን ከመስኮት ራቅ ቢልም ይችላል።

አየር ያጸዳሉ ተብለው ብቻ ግን አይገዙ። ናሳ በ1989 ያሳተመው ጥናት የተካሄደው ጥብቅ ሆነው በተዘጉ ሣጥኖች ውስጥ ነበር፤ በ2019 የወጣ ግምገማ እንዳሰላው፣ ተራ ቤት ውስጥ የአየር ዝውውርን ያህል ለማጽዳት በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል። መስኮት መክፈት ይሻላል።

ከአገራችን እሬቶች መካከል ሌላ የትም የማይበቅሉ አሉ። እነዚህን ከተራራ ነቅሎ ማምጣት ጥፋት ነው፤ ከችግኝ ጣቢያ መግዛት ወይም ጎረቤት ካለው ተክል ሥር የሚያቆጠቁጠውን ልጅ ለምኖ መትከል ይበቃል። የመጣበትን ምድር የሚያውቅ ሰው መቼ ማጠጣት እንዳለበት ሌላ መምህር አያሻውም።