ካሳ፣ ተመላሽ፣ ማነቃቂያ፦ ስሙን የቀያየረው የመንግሥት ገንዘብ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። መንግሥት በቀውስ ጊዜ ለሕዝቡ ለሚያድለው ገንዘብ ስም የሚያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን ሕግ አርቃቂው ነው። ከግምጃ ቤት ወጥቶ በየሰዉ እጅ የሚገባው ገንዘብ አንድ ጊዜ «ካሳ»፣ ሌላ ጊዜ «ተመላሽ ግብር»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ማነቃቂያ» ሊባል ይችላል። ለሚቀበለው ሰው የስሙ ነገር ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ ዳቦ የሚገዛው ገንዘቡ እንጂ ስሙ አይደለምና። የአሜሪካ የዘጠና ዓመት ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። ከ1932 እስከ 2021 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማን ከተቀባዮች መዝገብ እንደሚገባና ማን ከደጅ እንደሚቀር ሲወሰን፣ ለገንዘቡ የወጣለት ስም ከዳኞቹ አንዱ ነበር።

ካሳ ወይስ ምርቃት?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። ከግንባር የተመለሱት የአሜሪካ ወታደሮች አንድ የጋራ ቅሬታ ነበራቸው፤ እነርሱ በቀን አንድ ዶላር ያህል እየተከፈላቸው ሲዋጉ፣ በሀገር ቤት በፋብሪካ የቀረው ሠራተኛ ብዙ እጥፍ አግኝቷል የሚል። ኮንግረስ በ1924 ይህን የሚያስተካክል ሕግ አወጣ። ወታደሩ በሀገር ውስጥ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ቀን 1 ዶላር፣ በባሕር ማዶ ለዋለበት ቀን ደግሞ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ተሰላለት። ይሁን እንጂ ለአብዛኞቹ የተሰጣቸው ጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ በ1945 የሚከፈል የምስክር ወረቀት ነበር።

ሕጉ ገንዘቡን «የተስተካከለ ካሳ» ሲለው፣ በሰው አፍ ግን «ቦነስ» ተብሎ ቀረ። ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም። ካሳ ለባለመብቱ የሚገባው ነው፤ ቢዘገይ እንኳ ዕዳነቱ አይቀርም። ቦነስ ግን እንደ ባለ ሱቅ ምርቃት ነው፤ ሰጪው ደስ ካለው ይጨምረዋል፣ ካላለው ይተወዋል። የኋላ ኋላ ደም እስከማፋሰስ የደረሰው ጠብ በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል የተነሣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1929 የአክሲዮን ገበያው ወደቀ፤ በ1932 ከአራት አሜሪካውያን ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አልነበረውም። የቀድሞው ወታደር በሣጥኑ ያስቀመጠው ወረቀት ገና አሥራ ሦስት ዓመት የሚጠበቅ ነበር፤ ልጆቹ ግን የሚራቡት ዛሬ ነው። በዚያው ዓመት ጸደይ ከኦሬገን ግዛት ከፖርትላንድ ከተማ የተነሡ ሦስት መቶ ያህል የቀድሞ ወታደሮች፣ በእግርም በዕቃ ባቡርም እየተጓዙ ወደ ዋሽንግተን አመሩ። ወሬው በየግዛቱ ሲዳረስ ሌሎችም ተከተሉ። ሰኔ ላይ በዋና ከተማይቱ የተሰበሰበው ሰው ሚስቶችንና ልጆችን ጨምሮ በአሥር ሺሕዎች ይቆጠር ነበር። ትልቁ ሰፈራቸው በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ፣ ከቆርቆሮ፣ ከካርቶንና ከአሮጌ ሣንቃ የተሠራ ነበር።

የተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 15 ቀን ገንዘቡ ባስቸኳይ እንዲከፈል ወሰነ። ከሁለት ቀን በኋላ ሴኔቱ በ62 ድምፅ በ18 ውድቅ አደረገው። ሐምሌ 28 ቀን ፖሊሶች ሰልፈኞቹን ከመንግሥት ሕንፃዎች ሲያስወጡ በተነሣው ግጭት ሁለት የቀድሞ ወታደሮች በጥይት ተመተው ሞቱ። ፕሬዚዳንት ሁቨር ጦሩ እንዲገባ አዘዙ፤ ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተርም ፈረሰኛ፣ ታንክና አስለቃሽ ጢስ ይዘው ዘመቱ። በዚያው ሌሊት የአናኮስቲያ ሰፈር በእሳት ጋየ። የሀገሪቱ ጦር የገዛ የቀድሞ ወታደሮቹን ሲያባርር የሚያሳዩት ፎቶግራፎች በየጋዜጣው ወጡ፤ በኅዳር ምርጫ ሁቨር ተሸነፉ።

ተተኪያቸው ፍራንክሊን ሩዝቬልትም ቢሆኑ ክፍያውን አልወደዱትም። ለጤነኛ ሰው የወታደር ልብስ ስለ ለበሰ ብቻ ከሌላው ችግረኛ የተለየ ገንዘብ ሊሰጠው አይገባም የሚል አቋም ነበራቸው። ይህ ሙግት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ በዳቦ ሰልፍ ከወታደሩ ጎን የቆመው፣ ጦር ሜዳ ያልዋለው ሥራ ፈት በዚህ መዝገብ ስሙ የለምና። ያም ሆኖ ኮንግረስ በጥር 1936 የፕሬዚዳንቱን ተቃውሞ በድምፅ ብልጫ ሻረው። ሰኔ 15 ቀን 1936 ፖስተኞች ባለ 50 ዶላር ቦንዶችን በየቤቱ ማደል ጀመሩ። ከሦስት ሚሊዮን በላይ የቀድሞ ወታደሮች በአማካይ 550 ዶላር ያህል ደረሳቸው። ቦንዱን ያስቀመጠ ወለድ ያገኝበት ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ወዲያው መነዘሩት። የኋላ ዘመን የኢኮኖሚ ታሪክ ጥናት እንዳሳየው፣ ከገንዘቡ አብዛኛው በዚያው ዓመት መኪና በመግዛትና ቤት በመሥራት ለመሳሰለው ወጪ ሆኗል። እንደ ካሳ የተጠየቀው ገንዘብ፣ ማንም በዚያ ስም ሳይጠራው የማነቃቂያን ሥራ ሠራ።

የግብር ከፋዩ ገንዘብ

ስልሳ አምስት ዓመት አለፈ። በ2001 አሜሪካ መለስተኛ የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ ሲገጥማት፣ የፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ አስተዳደር ለሕዝቡ ቼክ ላከ፤ ላላገባ ሰው 300 ዶላር፣ ብቻውን ቤተሰብ ለሚያስተዳድር 500፣ ለባልና ሚስት 600። በዚህ ጊዜ የገንዘቡ ስም «ተመላሽ» ነበር። መንግሥት ከግብር ከፋዩ ኪስ ከሚገባው በላይ ወስዷል፤ ስለዚህ ይመልስ ተባለ። ስሙ መጠሪያ ብቻ ሳይሆን ወንፊት ሆኖ አገለገለ። ያልወሰዱትን መመለስ አይቻልምና፣ የገቢ ግብር ለመክፈል የማይበቃ ደመወዝ ያለው ሰው ቼክ አልደረሰውም። ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳው ሠራተኛ ለጡረታ የሚቆረጥበትን በየወሩ ይከፍል ነበር፤ ያ ግን በዚህ ቋንቋ «ግብር» ተብሎ አልተቆጠረለትም።

በ2008 የቤት ብድር ቀውስ ሲብስ ስሙ ተለወጠ። በየካቲት የወጣው ሕግ ራሱን «የኢኮኖሚ ማነቃቂያ» ብሎ ጠራ። የማነቃቂያ አመክንዮ ከተመላሽ የተለየ ነው፤ ገንዘቡ ገበያውን የሚያንቀሳቅሰው ወዲያው የሚያወጣው ሰው እጅ ሲገባ ነው፣ ወዲያው የሚያወጣው ደግሞ የቸገረው ነው። ስለዚህ በሩ ጥቂት ተከፈተ። የገቢ ግብር የማይከፍል ሰው፣ ጡረታን ጨምሮ በዓመት ቢያንስ 3,000 ዶላር ካገኘ 300 ዶላር ተፈቀደለት። ግብር ከፋዩ ግን እስከ 600 ዶላር ይቀበል ነበር። የአዲሱ ስም አመክንዮ ድኻውን አስገባው፤ የአሮጌው ስም ልማድ ደግሞ ከድርሻው ግማሹን አስቀረበት።

ቼኮቹ የተላኩበት ቅደም ተከተል በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች የተወሰነ ነበር። ይህ ዕጣ መሰል አሠራር ቀድሞ የደረሰውንና ገና የሚጠብቀውን ቤተሰብ ለማወዳደር ለተመራማሪዎች ምቹ ሆነላቸው። ይኸው ቁጥር ግን በር ዘጊም ነበር። በጋራ ግብር ከሚያስታውቁ ባልና ሚስት አንዳቸው ቁጥሩ ከሌላቸው፣ በጥቅሉ ሁለቱም ይቀሩ ነበር።

በ2009 የፕሬዚዳንት ኦባማ አስተዳደር ሌላ መንገድ ሞከረ። ገንዘቡ በቼክ መምጣቱ ቀርቶ፣ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው ግብር በጥቂቱ እንዲቀንስ ተደረገ፤ በዓመት ለአንድ ሰው እስከ 400 ዶላር። በየደመወዙ ጥቂት የጨመረለት ሰው ሳያስበው ያወጣዋል ተብሎ ነበር። ሳያስበው ብቻ ሳይሆን ሳያውቀውም አወጣው፤ በ2010 በተደረጉ የአስተያየት መጠይቆች ግብሩ እንደ ተቀነሰለት ያወቀው ከአሥር ሰው አንድ ያህሉ ብቻ ነበር። ስም ያልወጣለት ስጦታ ሰጪውን አያስመሰግንም።

ሱቅ በተዘጋበት ጊዜ የመጣ ማነቃቂያ

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ በሚያዝያ ወር የአሜሪካ የሥራ አጦች ቁጥር ወደ 15 በመቶ ተጠጋ። መጋቢት 27 ቀን በጸደቀው ሕግ ለአዋቂ 1,200፣ ለልጅ 500 ዶላር ተፈቀደ። በታኅሣሥ 600፣ በመጋቢት 2021 ደግሞ 1,400 ዶላር ተከተለ። መንግሥት ገንዘቡን «የኢኮኖሚ ተጽዕኖ ክፍያ» አለው፤ ሕዝቡ ግን «ስቲሙለስ» በሚለው ጸና። ቃሉ ከዘመኑ ጋር የሚጋጭ ነበር፤ በመንግሥት ትእዛዝ የተዘጋን ምግብ ቤት በምን ያነቃቁታል? በእውነቱ ገንዘቡ የቤት ኪራይ መክፈያና የወር አስቤዛ ነበር። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲ በማሽከርከር፣ በሆቴልና በአውሮፕላን ማረፊያ በመሥራት የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሥራቸው በአንድ ሰሞን ሲቆም፣ «ስቲሙለስ ገባ?» የዘመኑ ሰላምታ ሆኖ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር 160 ሚሊዮን ያህል ክፍያ ተፈጸመ። በወረቀት ቼኮቹ ላይ የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ስም ታተመ፤ ከሕዝብ ግምጃ ቤት የወጣው ገንዘብ የአንድ ሰው ችሮታ መሰለ። አራት ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ገንዘቡ በካርድ ተላከ፤ ፖስታው የማስታወቂያ ወረቀት ስለሚመስል ከፊሎቹ ሳይከፍቱት ጣሉት። የሀገሪቱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው፣ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጋ ክፍያ ለሞቱ ሰዎች ተልኳል። መዝገብ ሙታንን ያስታውሳል፤ ሕያዋንን ግን የረሳበት ጊዜ ነበር። እንደ 2008ቱ ሁሉ ሚስቱ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላት ባል፣ ዜጋ ቢሆንም፣ በጋራ ግብር ስላስታወቀ ብቻ ከነልጆቹ ቀረ። የታኅሣሡ ሕግ ይህን ወደ ኋላ ተመልሶ አረመው፤ የመጋቢት 2021 ሕግ ደግሞ ወላጆቻቸው ቁጥር ባይኖራቸውም ቁጥር ያላቸውን ልጆች አስገባ። ቤተሰቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ያው ነበር፤ የተለወጠው ሕጉ «የሚገባው» ብሎ የጠራው ሰው ነው።

ገንዘቡ በአሜሪካ ብቻም አልቀረም። በሚያዝያ 2020 የዓለም ባንክ በውጭ የሚኖሩ ሰዎች ወደየሀገራቸው የሚልኩት ገንዘብ በዚያ ዓመት በ20 በመቶ ያህል ይቀንሳል ብሎ ተንብዮ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ግን ወደ ድኻና መካከለኛ ገቢ ያላቸው ሀገሮች የተላከው 540 ቢሊዮን ዶላር ሆነ፤ ካለፈው ዓመት ያነሰው በ1.6 በመቶ ብቻ ነው። ባንኩ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ የሀብታም ሀገሮች መንግሥታት ለሕዝባቸው ያፈሰሱት ገንዘብ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ማነቃቂያ የተባለው፣ ለእናቱ መድኃኒት መግዣ ለሚልክ ልጅ የቆየ ስሙን መልሶ አገኘ፤ ሐዋላ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። በሰኔ 2022 የአሜሪካ የዋጋ ግሽበት 9.1 በመቶ ሲደርስ፣ አንዳንድ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ከምክንያቶቹ አንዱ በተለይ የሦስተኛው ዙር ክፍያ መብዛት ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ በሌላ አኃዝ መለሱ፤ ክፍያዎቹና የተስፋፋው የልጆች ድጋፍ በነበሩበት በ2021 መንግሥታዊ ድጋፍን በሚያካትተው መለኪያ የድኻ ልጆች ድርሻ 5.2 በመቶ ነበር፣ ሁለቱም በቀሩበት በ2022 ግን 12.4 በመቶ ሆነ። ሁለቱም አኃዞች እውነት ናቸው። አንዱ ገንዘቡን «ማነቃቂያ» ብሎ ይመዝነዋል፤ ሌላው «ካሳ» ወይም «መጦሪያ» ብሎ። የአናኮስቲያ ሰፈርተኞች ይህን ቀድመው ተረድተውት ነበር፤ ሀገር አቋርጠው የመጡት ምርቃት ሊለምኑ ሳይሆን ዕዳቸውን ሊጠይቁ መሆኑን፣ ሰፈራቸው እስኪቃጠል ድረስ ሲናገሩ ቆይተዋል።