ከኮንሶ ወዲያ ላለ መንገድ

ስሙኝማ ወገኖቼ፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ወሬውም ቀስ ይላል። ቱሪስት ሲያመላልስ ፀጉሩ የሸበተ አንድ ሾፌር ነበረ፤ እንግዶቹን ከአርባ ምንጭ በኮንሶ አድርጎ፣ በኦሞራቴ ወጥቶ፣ የቱርካናን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ኬንያ ማርሳቢት ሊያደርስ ቃል ገባ። ያ አገር ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ ጥቁር ነው፤ በሎያንጋላኒ በኩል ነፋሱ የመኪና በር ከእጅ ይነጥቃል፤ ናፍጣም ከተገኘ ብዙ ጊዜ ከበርሜል ነው።

እናም ሰውዬው እርሳስ አንሥቶ ተቀመጠ። ላንድክሩዘሯ በአስፋልት ለ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ትጠጣለች፤ ለአሸዋና ለድንጋዩ 20 አሰበላት፤ ማደያ የማያምንበትን መንገድ 800 ኪሎ ሜትር ብሎ ያዘ፤ 160 መጣ፤ ለመዞሪያ ሩብ ጨመረና 200 ሆነ። ታንከሯ 90 ይይዛል፤ 110 ጎደለ።

ጓደኞቹ «በጀሪካን ፖርቶመጋላ ላይ ጫነው» አሉት፤ እሱ ግን 110 ሊትር ናፍጣ ከ90 ኪሎ እንደሚበልጥ ያውቃል፤ ያን ሁሉ ክብደት አናቷ ላይ አውጥቶ ዳገት ለዳገት ሊነዳት አልወደደም። ከዚያ ጋራዥ ሄደ፤ በያጁም «ጋሼ፣ ዋናውን አውጥተን አንድ ትልቅ እንግጠምልዎ፤ ዚንክ በተቀባ ላሜራ፣ ዝገት አይነካውም» አለው።

«አይ ልጄ፤ ናፍጣ ዚንክ ይበላል፤ የበላውንም ፊልትሮና ኢንጀክተር ላይ ይተፋዋል። በደህና ብረት ሥራልኝ፤ ደግሞም ለብቻው ይሁን።»

ስኮርታ ጎማው ወደ ኋላ በር ሄደ፤ አዲሱ ታንከር በቦታው፣ ከማርሚታው ራቅ ብሎ ተሰቀለ፤ ናፍጣው እንዳይናጥ በውስጡ ክፍልፋይ ላሜራ ተበየደ፤ መተንፈሻው ወንዝ ሲሻገሩ ውሃ እንዳይስብ ሽቅብ ተሳበ፤ ከሥሩ የማፍሰሻ ቡሎን፣ ወደ ዋናው የሚገፋ ትንሽ ፓምፕም ተደረገለት፤ ባሌስትራውም ተጠናከረ። ከዚያ ሞልቶ ካርቶን ከሥሩ አንጥፎ አሳደረው፤ ማለዳ ካርቶኑን በመዳፉ ዳበሰው፤ ደረቅ ነበር።

ከዚያም ወጡ፤ ኮንሶን በካፊያ አለፉ፤ ወይጦ ላይ ሙቀቱ ተቀበላቸው፤ ከድንበሩ ወዲያ ደረቅ የነበረ ወንዝ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ አዞራቸው። ሾፌሩ የተጨማሪውን ናፍጣ አስቀድሞ ወደ ዋናው ገፍቶት ስለነበር፣ ማታ በአንዲት መንደር የበርሜል ናፍጣ ገዝቶ ባዶው ውስጥ ቀዳ፤ ፓምፑን ግን አልነካም። ሲነጋ ቡሎኑን ላላ አድርጎ በጠርሙስ ቀዳና ለፀሐይ ያዘው፤ ከላይ ናፍጣ፣ ከታች ሦስት ጣት ውሃ። ውሃው እስኪያልቅ በጀሪካን አፈሰሰው፤ ሞተሯም በንጹሑ ናፍጣ ተነሣች፤ ማርሳቢትም ገቡ።

አንድ ታንከር ብቻ ቢሆን ኖሮ ክፉው ከደጉ ተቀላቅሎ ሞተር ድረስ በዘለቀ ነበር። ስለዚህ ታንከር የምትመርጡ ሁሉ፣ ሊትሩን ከመጠየቃችሁ በፊት መንገዱን ቁጠሩ፤ ከዚያም የማታምኑትን ናፍጣ ለብቻው የሚያሳድርላችሁን ግዙ። በዚያ ምድር የአንዱ መኪና መቆም የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ዕዳ ውስጥ ይከታል፤ ማንም መንገደኛ ጥሎት አይሄድማ።