የ60 ያርድ ምት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ ስለ አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ስለ ታይገር ውድስ ነው፤ ዓመቶቹንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። ስለ ዋንጫዎቹ ብዙ ተብሏል። የእኔ ወግ ስለ ወገቡ ነው።

ጎልፍን ከሩቅ ላየው የእርጋታ ጨዋታ ይመስላል። ሣሩ ላይ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ቆም ብሎ ኳስ መምታት። ምቱን ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ሰውየው ትከሻውን ወደ ኋላ ይጠመዝዝና ዳሌውን አስቀድሞ ባንድ ጊዜ ይለቀዋል። ያ ሁሉ ኃይል የሚያልፈው በታችኛው ወገብ በኩል ነው። ታይገር ይህን የጀመረው ገና በሕፃንነቱ ነው፤ አርባ ዓመት ሳይሞላው በወገቡ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ እጅ ሰጠ።

በማርች 2014 ሐኪሞች ነርቩን የተጫነውን የዲስክ ቁራጭ አወጡለት። በሴፕቴምበር 2015 ደገሙት፤ በወሩ ሠለሱት።

በዚያ ዘመን የደረሰበትን ራሱ ለታይም መጽሔት ተናግሯል። አንድ ቀን ጓሮው ውስጥ ብቻውን ሲለማመድ ነርቩ ያዘውና ወደቀ። መነሳት አቃተው፤ ስልክም አልያዘም። እዚያው መሬት ላይ እንደተጋደመ ሴት ልጁ ብቅ አለች። ምን ሆነህ ነው የተኛኸው አለችው። ቤት ያሉትን ሰዎች ጥሪልኝ፣ ጋሪውን አምጥተው ያንሱኝ አላት። ምነው? ወገቤ ነው። «እንደገና?» አለች። አዎ፣ እንደገና። እኔ ከዚህ ሰው ታሪክ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህች የሕፃን ጥያቄ ናት። የአባቷ ሕመም የቤቱ የዘወትር ነገር ሆኗል ማለት ነው።

በዲሴምበር 2015 ጋዜጠኞች ምን እየሠራህ ነው ብለው ሲጠይቁት፣ መልሱ እራመዳለሁ የሚል ብቻ ነበር። መቼ ትመለሳለህ ለሚለው ቀን አልነበረውም። በ2017 መጀመሪያ ዱባይ ላይ ሞከረ፤ አንድ ቀን ተጫውቶ በሁለተኛው አቋርጦ ወጣ። በኤፕሪል ታላቁ ዓመታዊ ውድድር በሚካሄድበት በኦገስታ የውድድሩ የቀድሞ አሸናፊዎች እራት ሲበሉ፣ እሱ ተራምዶ እዚያ ለመድረስ ነርቩን የሚያደነዝዝ መርፌ መወጋት ነበረበት። በዚያው ወር ቴክሳስ ሄዶ አከርካሪውን ለማጋጠም ተኛ።

ይህ ቀዶ ሕክምና ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ወገባችን ላይ አምስት አጥንቶች ተደርድረዋል፤ የመጨረሻው የተቀመጠው ከዳሌ መሐል ባለው አጥንት ላይ ነው። በየመካከላቸው ዲስክ አለ። የታይገር የታችኛው ዲስክ አልቆ፣ ክፍተቱ ጠብቦ፣ ነርቩ ተጨፍልቆ ነበር። ሐኪሞቹ በሆዱ በኩል ገብተው ዲስኩን አወጡ፣ ክፍተቱን መልሰው ከፈቱ፣ ሁለቱ አጥንቶች አንድ እንዲሆኑም አጋጠሟቸው። እንደ ብረት ብየዳ ግን ባንድ ቀን አይያዝም። አጥንት ወራት ይፈጃል። እስኪያያዝ ድረስ ማጎንበስ፣ መሸከም፣ መጠምዘዝ ክልክል ነው፤ መራመድ ይፈቀዳል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የወጣው መግለጫ ሰው ወደ ሙሉ እንቅስቃሴ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ነው ይል ነበር።

መንገዱ ቀና አልነበረም። በሜይ ወር ፖሊስ መኪናው ውስጥ ከመሪው ኋላ ተኝቶ አገኘው። አልኮል አልነበረበትም፤ በሰውነቱ ከተገኙት መካከል የሕመም ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት ነበሩ። ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ የባለሙያ እርዳታ እንደጠየቀ ራሱ አስታወቀ። ወገቡን የታመመ ሰው ሁሉ ይህን ይስማ ብዬ ነው የማነሳው፤ ክኒኑም የራሱ አደጋ አለው።

ከዚያ ሴፕቴምበር መጣ። አምስት ወር አልፏል። የዓለም ቁጥር አንድ የነበረው ሰው ምን ላይ ደርሰሃል ሲባል፣ የ60 ያርድ ምት እየመታሁ ነው አለ። 60 ያርድ 55 ሜትር ያህል ነው። እሱ ከ300 ያርድ በላይ የሚሰድ ሰው ነበር! ሐኪሙ ሙሉ ምት እንዲመታ ገና አልፈቀደለትም። ላትመለስ ትችላለህ ወይ ሲሉት ሊሆን ይችላል ብሎ መለሰ። ለእኔ ከዋንጫው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ለሐኪሙ መታዘዙ ነው። በኦክቶበር ፈቃድ አገኘ፤ መጀመሪያ አጭሩን፣ ቀጥሎ መካከለኛውን፣ በመጨረሻ ረጅሙን ዱላ ያዘ። የተጋጠመው ቦታ ድሮም ለመዞር ያለው ድርሻ ትንሽ ነው፤ መዞሩን ዳሌውና የላይኛው ጀርባው ተሸከሙለት።

በኖቬምበር መጨረሻ ባሃማስ ላይ ለውድድር ሲወጣ የዓለም ደረጃው 1,199ኛ ነበር። በሴፕቴምበር 2018 አትላንታ ላይ 80ኛ ድሉን አገኘ።

ኤፕሪል 14፣ 2019 ኦገስታ። ዝናብ ስለተፈራ ጨዋታው ወደ ጠዋት ተገፋ፤ እሱ ሰውነቱን ለማፍታታት ገና ሳይነጋ ተነስቷል። ተፎካካሪው ፍራንቼስኮ ሞሊናሪ በሁለት ምት ይመራ ነበር። 12ኛው ጉድጓድ ላይ የሞሊናሪ ኳስ ውኃ ገባች። ታይገር ባንዲራውን አልተመኘም፤ ኳሱን ከሣሩ መሐል አሳረፈ። በአንድ ምት ብልጫ አሸነፈ። ዕድሜው 43 ነበር፤ ከ11 ዓመት በኋላ በታላላቆቹ ውድድሮች ያገኘው 15ኛ ድሉ ሆነ።

ወገቡ ግን በዚያ አልተወውም። አንዱ መጋጠሚያ ሲታሰር ጎረቤቱ የበለጠ ይለፋል። ሌሎች ቀዶ ሕክምናዎች ተከተሉ፤ በኦክቶበር 2025 ከታሰረው አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ዲስክ ወጥቶ በሰው ሠራሽ ተተካ። ያኔ 49 ዓመቱ ነበር፤ ባወጣው መግለጫም ለጤናውና ለወገቡ መልካም ውሳኔ እንደወሰነ ተናገረ።