ኢቭል ዴድ (ፊልም)

«ኢቭል ዴድ» አሜሪካዊው ሳም ሬይሚ ጽፎ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1981 ለዕይታ የበቃ፣ በአነስተኛ በጀት የተሠራ አስፈሪ ፊልም ነው። በጫካ ጎጆ ያደሩ አምስት ወጣቶች የከፈቱት የቴፕ ቅጂ እርኩሳን መናፍስትን ይቀሰቅስባቸዋል፤ ታሪኩ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

የፊልሙ ውበት አሠራሩ ላይ ነው። ያኔ ገና ወጣት የነበረው ሬይሚ፣ ከጓደኞቹ ከፕሮዲዩሰሩ ሮበርት ታፐርትና ከተዋናዩ ብሩስ ካምቤል ጋር ሆኖ መጀመሪያ አጭር ማሳያ ሠራ፤ ባለገንዘቦችን ያሳመነውም በዚያ ነው። በቴነሲ ጫካ ሲቀርጹ ውድ የካሜራ ማንቀሳቀሻ አልነበራቸውም። ስለዚህ ካሜራውን ጣውላ ላይ አስረው፣ ጣውላውን ግራና ቀኝ ይዘው ሮጡ። በዚህ መንገድ የተቀረጸው፣ ዛፎቹን እየሰነጠቀ የሚመጣው የማይታይ ኃይል ዛሬም የሚያስደነግጠው ተመልካቹ ራሱ አብሮ የሚሮጥ ስለሚመስለው ነው፤ ይህን ስሜት የወለደው ደግሞ እጦቱ ነው። ደሙ እንኳ ከበቆሎ ሽሮፕ የተበጠበጠ ነበር።

ደራሲው ስቲቨን ኪንግ በአደባባይ ማድነቁ ለፊልሙ ሰፊ በር ከፈተለት።

በ1987 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ፍርሃትን ከሳቅ ጋር በድፍረት ቀላቀለ። ካምቤል የሚጫወተው አሽ፣ መንፈስ ከሰፈረበት ከገዛ እጁ ጋር ይደባደባል፤ በመጨረሻም እጁን በሞተር መጋዝ ይቆርጠዋል። ትዕይንቱ በአንድ ጊዜ ይዘገንናል፣ ያስቃልም።