የሐር ዕጢ ዘረመሎች

የሐር ዕጢ በሐር ትል (ቦምቢክስ ሞሪ) ሰውነት ውስጥ የሐር ክር የሚሠራባቸውን ፕሮቲኖች የሚያመርት የአካል ክፍል ነው። ከምራቅ ዕጢ ተለውጦ የመጣ ሲሆን፣ በትሉ ግራና ቀኝ ጥንድ ሆኖ ይገኛል። የትሉ ኅዋሳት ሁሉ አንድ ዓይነት ዘረመሎችን ቢይዙም፣ ዋናዎቹ የሐር ዘረመሎች በኃይል የሚሠሩት በዚህ ዕጢ ውስጥ ነው።

የዕጢው ክፍሎች

ዕጢው በሦስት ይከፈላል፤ በየክፍሉ የሚሠሩት ዘረመሎችም ይለያያሉ።

የኋለኛው ክፍል ፋይብሮይን የተባለውን የክሩን እምብርት ይሠራል። ፋይብሮይን የሚገነባው ከሦስት ፕሮቲኖች ነው፦ ከባዱ ሰንሰለት፣ ቀላሉ ሰንሰለትና ፒ25። እነዚህ በ6፡6፡1 መጠን ይጣመራሉ።

መካከለኛው ክፍል ሴሪሲን የተባለውን ሙጫ መሰል ፕሮቲን አምርቶ በፋይብሮይኑ ላይ ይለብጣል። አንቴናፔዲያ የሚባለው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን በዚህ ክፍል የሴሪሲን-1 ዘረመል እንዲሠራ ያደርጋል።

የፊተኛው ክፍል ሐሩ ወደ አፍ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ ነው።

በጥሬ ሐር ውስጥ ፋይብሮይን ሦስት አራተኛ፣ ሴሪሲን አንድ አራተኛ ያህል ድርሻ አላቸው።

የምርቱ ብዛት ምክንያት

ትሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ክር ይተፋል። ይህ ሁሉ ምርት የሚመጣው የፋይብሮይን ዘረመል በኅዋሱ ውስጥ ለብቻው ስለተባዛ ይሆን? የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ያነጋግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ዮሺያኪ ሱዙኪና ዶናልድ ብራውን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ዘረመሉ ተለይቶ እንደማይባዛ አሳዩ።

ለምርቱ መብዛት የታወቁት ምክንያቶች ሌሎች ናቸው። የዕጢው ኅዋሳት ትሉ ከእንቁላል ከወጣ በኋላ አይከፋፈሉም፤ ሳይከፈሉ ግን ዲኤንኤያቸውን በሙሉ ደጋግመው ይቀዳሉ፤ የቅጂው ብዛትም በመቶ ሺህዎች ይቆጠራል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ የፋይብሮይን ዘረመል ቅጂ በአራት ቀናት ገደማ 10,000 ያህል መልእክተኛ አርኤንኤ ያወጣል፤ ከእያንዳንዱ መልእክተኛም 100,000 ያህል የፋይብሮይን ሞለኪውሎች ይሠራሉ። ከባዱ ሰንሰለት በአብዛኛው ከግላይሲን፣ ከአላኒንና ከሴሪን ስለሚገነባ፣ ኅዋሱ እነዚህን አሚኖ አሲዶች የሚያመላልሱትን አርኤንኤዎች በብዛት ያዘጋጃል።

ሥራው የሚነሣበትና የሚቆምበት ጊዜ

ትሉ የመልበሪ ቅጠል እየበላ በሚያድግበት ጊዜ የፋይብሮይን ዘረመል ይሠራል፤ ትሉ ቆዳውን በሚቀይርበት ጊዜ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ይህ መለዋወጥ ከዕድገት ሆርሞኖች ጋር የተያያዘ ነው። ከፍተኛው ምርት የሚገኘው በአምስተኛውና በመጨረሻው የትልነት ዕድሜ ነው።

ዘረመሉ ሲበላሽ

የቀላሉ ሰንሰለት ዘረመል የተበላሸባቸው የሐር ትሎች አሉ። በእነዚህ ትሎች ከባዱ ሰንሰለት ቢመረትም አጣማሪውን ስላጣ ከኅዋሱ መውጣት ይሳነዋል፤ የሚወጣው ፋይብሮይን ከተለመደው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። በዚህም የተነሣ ትሉ ደህና ኮኩን፣ ማለትም ራሱን የሚጠቀልልበትን የሐር ልባስ፣ መሥራት አይችልም። ስለዚህ ሐር ለማግኘት ዋናው ፕሮቲን በብዛት መመረቱ ብቻ በቂ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ለሐር ትሎች ሁሉ አይሠራም። በኢትዮጵያም የሚረባው፣ የጉሎ ቅጠል የሚበላው የኤሪ ሐር ትል ቀላሉ ሰንሰለት የለውም። የእሱ ፋይብሮይን የሚገነባው ሁለት ከባድ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጣምረው ነው።

የጥናቱ ጥቅም

እ.ኤ.አ. በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ባዕድ ዘረመል በሐር ትል ውስጥ አስገብተው ለተከታዩ ትውልድ እንዲተላለፍ አደረጉ። የሐር ዘረመሎችን የሚያስነሡ የዲኤንኤ ክፍሎች መታወቃቸው ደግሞ ዕጢውን ለሌላ ሥራ ለማዋል አስችሏል። ከዚያ ወዲህ በብርሃን የሚያንጸባርቅ ቀለም ያለው ሐር፣ እንዲሁም የሸረሪት ድር ፕሮቲን የተቀላቀለበት ሐር የሚተፉ ትሎች ተገኝተዋል።