መሪውን የማይሰማ ከበሮ
የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከደብረ ታቦር ሲታይ

ደብረ ታቦርና መሣሪያ የሚሉት ቃላት በአንድነት ሲነሡ በሙያ ባልደረቦቼ አእምሮ ቀድሞ የሚታየው ጋፋት ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት፣ ከከተማው አጠገብ የሚገኘው ቦታ። ስለ ጋፋት ብዙ የተጻፈ በመሆኑ አልመለስበትም። ለማውሳት የፈለግሁት ከነሐስና ከባሩድ ጋር ግንኙነት የሌለውን፣ ድምፅ የሚያመነጨውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ቴክኖ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃና ጎረቤቱ የሆነው የሙከራ ሙዚቃ ከእኛ ደጋ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው አስብ ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የደቡብ ጎንደር ደጋ የዜማ አገር ነው። ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። ደብረ ታቦር በበኩሏ ታች ቤት በሚባለው የአቋቋም ስልት ትታወቃለች፤ የጎንደሩ ላይ ቤት ይባላል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገርለት የዜማ ምልክት በድጓው ላይ ከቃላቱ በላይ በጥቃቅን ፊደላት ተጽፎ ይገኛል። ምልክቱ የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ አይናገርም፤ ተማሪው አስቀድሞ ከአፍ የተማረውን የዜማ ሐረግ ያስታውሰዋል እንጂ። መምህር ከሌለ መጽሐፉ ዝም ይላል።

ለአሁኑ ጉዳያችን ግን ዋናው አቋቋሙ ነው። አንድ ዜማ በመጀመሪያ በቁም፣ ያለ ከበሮ ይባላል፤ ቀጥሎ መቋሚያው እየተወዘወዘ በዝማሜ፤ ከዚያም ከበሮና ጸናጽል ገብተው በመረግድ፤ በመጨረሻም በጭብጨባ በደመቀ ጽፋት። ፍጥነቱ እያደገ ይሄዳል፤ የት ላይ እንዳደገ ግን ለይቶ ማመልከት ያስቸግራል። ከበሮ መቺው ጆሮውን ከመሪው አይለይም፤ መሪውም ጉባኤውን ያዳምጣል።

አሁን ወደ ካይሮ እንሻገር። ሐሊም ኤል ዳብ የተባለው ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ በ1944 ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ ሴቶች የሚያካሂዱትን የዛር ሥርዓት ቀረጸ። ቅጂውን ይዞ ስቱዲዮ በመግባትም መሠረታዊውን ድምፅ አስወግዶ የላይኛዎቹን ንዝረቶች ብቻ አስቀረ፤ የገደል ማሚቶውን መጠን እየለዋወጠ ደግሞ ደጋግሞ ቀረጸው። ፈረንሳዊው ፒዬር ሼፌር በፓሪስ ተመሳሳይ ሥራውን የጀመረው በ1948 ስለሆነ ኤል ዳብ 4 ዓመት ቀድሞታል። ዛር ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የተሻገረው ከኢትዮጵያ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙዎች ናቸው፤ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ላይ ለወራት ተቀምጦ ያጠናውም ይህንኑ ነበር። እንግዲህ በዓለም ቀደምት ከሆኑት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች የአንዱ ጥሬ ዕቃ ሥሩ ወደ እኛ የሚያመራ ነው ማለት ነው። ኤል ዳብ ራሱ ከ1962 እስከ 1964 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና ሌሎችንም መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በ1963 ያቋቋመውም እርሱ ነው። የሽቦውን ሥራ እዚህ የሚያውቅለት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ቴክኖ የተወለደው ከዚህ ሁሉ በኋላ በሌላ መንገድ ነው። በ1980 የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ 808 የተባለውን የምት ማሽን አወጣ፤ እንደ እውነተኛ ከበሮ አይደለም ተብሎ ስላልተወደደለትም በ1983 ማምረቱን አቆመ። በርካሽ የተጣሉትን እንዲህ ያሉ ማሽኖች በዲትሮይትና በአካባቢዋ የነበሩ ጥቁር ወጣቶች አነሷቸው፤ ከእነዚህም ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን ይገኙበታል። በዚያው በ1983 ሚዲ የሚባለው የመገናኛ ደንብ ወጣ። በደንቡ መሠረት አንዱ ማሽን ለሌሎቹ በእያንዳንዱ ምት 24 ጊዜ ምልክት ይልካል፤ በደቂቃ 120 ምት ቢሆን በሰከንድ 48 መሆኑ ነው። ተቀባዮቹ ይከተላሉ፤ ላኪው ግን ማንንም አይሰማም። በእኛ ሙያ አነጋገር መልሶ የሚነግረው የሌለ ቁጥጥር ነው።

በአገራችን የዚህ መሣሪያ ታሪክ ሁለት መልክ አለው። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ከቀረ በኋላ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከምት ማሽን ጋር ብቻውን አዋሕዶ ቀረጸ። ያ ካሴት በ2013 አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ አሳታሚ ባሕር ዳር ላይ እጁ ገብቶ እንደገና ታተመ፤ ባለቤቱም በአሜሪካ ታክሲ ሲነዳ ከርሞ ወደ መድረክ ተመለሰ። ሌላው መልክ የሚያስደስት አይደለም። የሙሉ ባንድ ወጪ ሲከብድ አንድ ሰውና አንድ ኪቦርድ የ8 ሰው ሥራ ተረከቡ። በፋብሪካ የተሞላው ምት እንዳለ ተወሰደ፤ አንድ ኦክታቭን በ12 እኩል የሚከፍለው ቅኝትም እንዲሁ። አንቺ ሆዬን በማሲንቆ ከዚያም በኪቦርድ ያዳመጠ ሰው የጠፋውን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም። ኪቦርዱ ድምፅን በጥቃቅን እርምጃ የማዘንበል ችሎታ እንዳለው እያወቅን፣ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ማሳበብ እኛን መሐንዲሶችን አያምርብንም።

ከ2014 ወዲህ የወጡት ሥራዎች ከዚህ የተለዩ ናቸው። ሚካኤል ሰይፉ በዚያ ዓመት «የአራዳ ልጅ» የተባለውን ሸክላ ዋሽንግተን በሚገኝ አነስተኛ አሳታሚ በኩል አወጣ፤ በ2016 ደግሞ «ዘላለም»ን። እንደገና ሙሉ በበኩሉ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል የመድረክ ስም ይሠራል፤ አካሄዱንም ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ብሎታል። ሁለቱም የአገሩን ድምፅ በኪቦርድ ከማስመሰል ይልቅ ራሱን ድምፁን ይዘው ይነሣሉ፤ ሳያውቁትም ቢሆን የኤል ዳብ ወራሾች ናቸው። አንዳንዱ ሥራ ለጆሮዬ ይበዛብኛል፤ በጭፈራ ቤት ጩኸት መካከል የቤተ ክርስቲያን ዜማ ብሰማም ደስ እንደማይለኝ አልሸሽግም። ከአዝማሪ ወይም ከደብተራ የተቀዳ ድምፅ የሚጠቀም ሁሉ የባለድምፁን ስም በሸክላው ላይ መጻፍ ይገባዋል ባይም ነኝ።

ነገሩ የገባኝ ግን በራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የአቋቋም መምህር ለጥናት ብቻ እንድጠቀምበት ፈቅደውልኝ የአንድ ወረብ ቅጂ ወሰድሁ። ኮምፒዩተሩ የፍጥነት ቁጥር ጠየቀኝ፤ አንድ ቁጥር ሰጠሁት። ከዚያም የከበሮውን ምቶች በእኩል መስመር ላይ አሰለፍኋቸውና ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ለመምህሩ አሰማኋቸው።

«የሚመታው ማን ነው?» አሉኝ።

«ኮምፒዩተሩ ነው፣ የኔታ።»

«መሪውን አይሰማም» አሉና ማዳመጫውን አወለቁ።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ከማሽኑ አውጥቼ ወደ ሰው ለማዛወር ሞከርሁ። አንዱን ማይክሮፎን ከበሮው አጠገብ፣ ሌላውን መሪው ፊት አድርጌ ፕሮግራሙ ከሚሰማው ምት ተነሥቶ ቀጣዩን እንዲገምት አዘጋጀሁት። በቁምና በዝማሜ የሚይዘው ምት ስለማያገኝ ይጠፋል። በመረግድ ይከተላል። ጽፋት ሲደርስ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ግምቱ ባለፉት ምቶች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ፍጥነቱ ሲጨምር ሁልጊዜ በጥቂቱ ይዘገያል። የኔታ ባለፈው የቡሄ ሰሞን እንደገና ሰሙት። ጅራፉ በውጭ ይጮህ ስለነበር ሁለት ጊዜ ማሰማት ግድ ሆነብኝ።

«አሁን ይሰማል» አሉ፤ «ግን ገና ጀማሪ ነው፤ ከኋላ ይቁም።»